የማይታየውን በኤሌክትሪክ ያስኬደው ሊቅ፤ የአርኔ ቲሴሊየስ የሕይወት ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው ለዚህ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቻችን የነገሥታቱን፣ የጦር አበጋዞቹንና የደራስያኑን ስም ቀድመው ስለ ወሰዱብን ለእኛ የቀረልን የሳይንስ ሰዎች ወገን ብቻ ሆነ። በዚህ ግን አልተቆጨንም፤ አስቀድሞ በልባችን የያዝነው አንድ ሰው ነበረና። ስሙ በአገራችን እንደ ኒውተን ወይም እንደ ፓስተር በየሰዉ አፍ አይነገር እንጂ፣ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ፣ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ፣ ከሞተም ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ስዊድናዊው አርኔ ቲሴሊየስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ይህን ሰው ለማወቅ ምክንያት የሆነን አንድ ትንሽ ሙከራ ነው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንዲት ቁራጭ የማጣሪያ ወረቀት በቧንቧ ውኃ አርሰው በመስተዋት ላይ ዘረጉና፣ ግራና ቀኙን ከባትሪ በመጣ ሽቦ ያዙት። ከዚያም ከመካከሉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የፖታስየም ፐርማንጋኔት ቅንጣት አኖሩ። ቅንጣቷ ቀልጣ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሆነች። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይታይ ቆየ፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡትም መሳቅ ጀምረው ነበር። ኋላ ግን ሐምራዊው ቀለም በቀስታ ወደ አንድ ወገን፣ ይኸውም ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ይንፏቀቅ ጀመር። ከመካከላችን አንዱ ቀለም ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያለው ነገር፣ ለምሳሌ በሽታ የሚያመጣ ነገር እንዲህ በኤሌክትሪክ ሊጎተት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀ። መምህራችንም ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ የያዘ ሰው ነበረ ብለው የቲሴሊየስን ስም በሰሌዳው ላይ ጻፉልን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ነገር ምን እንደ ነበረ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ1892 ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ ሊቅ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጨምቆ፣ ባክቴሪያ ሊያልፍበት በማይችል የሸክላ ማጣሪያ ቢያወርደው፣ የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል እንደ ቀድሞው የሚያሳምም ሆኖ አገኘው። በ1898 ደግሞ ቤየሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ ይህንኑ ሙከራ ደግሞ ነገሩ ከባክቴሪያ የተለየ መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ ታወቀ፤ ነገር ግን ምን እንደሚመስል ማንም አላየም። ከብርሃን ሞገድ ያነሰ ነገር በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይምና። የቫይረስ ሥዕል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣው በ1939 ነው። እስከዚያ ድረስ የነበሩት ሊቃውንት መጠኑንና ቅርጹን ለማወቅ ይጣጣሩ የነበረው ሳያዩት ነው። ዓይነ ስውር ሰው በእጁ ዳስሶ፣ በክብደቱ መዝኖ፣ በድምፁ ለይቶ ዕቃን እንደሚያውቅ ማለት ነው።

አርኔ ቲሴሊየስ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ኦገስት 10 ቀን 1902 ተወለደ። አባቱ ሒሳብ የተማረ፣ በኢንሹራንስ ኩባንያ የሚሠራ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ አርኔ ገና ሕፃን ሳለ በ1906 አባቱ ስለ ሞተ፣ ቤተሰቡ ወደ ጎተንበርግ ከተማ ተዛወረ። በዚያም በትምህርት ቤት ሳለ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህሩ የልጁን ዝንባሌ ተመልክቶ ረዳው፤ ልጁም ከሁሉ ትምህርት ይልቅ ኬሚስትሪን የሚወድ ሆነ። ከቤት ውጭ ሲሆን ደግሞ ዕፅዋትንና ወፎችን መመልከት ይወድ ነበር፤ ይህንንም ልማድ ካረጀ በኋላ እንኳ አልተወውም።

በ1921 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኡፕሳላን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን ቴዎዶር ስቬድቤሪ የሚባል ታላቅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በዚያ ያስተምር ነበረና። ስቬድቤሪ አልትራሴንትሪፉጅ የሚባለውን፣ ፈሳሽን በብርቱ ፍጥነት እያሽከረከረ በውስጡ ያሉትን ደቂቅ ነገሮች በክብደታቸው ወደ ታች የሚያዘቅጠውን መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ነው፤ በ1926 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ቲሴሊየስ በ1925 የዚህ ሰው የምርምር ረዳት ሆነ። ጌታው ክብደትን በማሽከርከር ሲመዝን፣ ለረዳቱ ሌላ ሥራ ሰጠው። ይኸውም ፕሮቲኖች በፈሳሽ ውስጥ ሳሉ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅባቸው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄዱ መመርመር ነበር።

ይህ አካሄድ ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል። አሠራሩን ለሚያነቡን ወላጆቻችን እንዲገባ አድርገን ብንገልጸው እንዲህ ነው። ፕሮቲንም ሆነ ቫይረስ በገላው ላይ ሊቃውንት ሙል ብለው የሚጠሩት የኤሌክትሪክ ጭነት አለው። ስለዚህ በሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች መካከል ቢቀመጥ፣ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ወደ ኔጋቲቩ፣ ኔጋቲቭ ሙል ያለው ወደ ፖዘቲቩ ይጓዛል። ሙሉ የበዛ ይፈጥናል፤ ያነሰ ይዘገያል። ሁለት ነገሮች በክብደት ፍጹም እኩል ሆነው በአልትራሴንትሪፉጅ አንድ ቢመስሉ እንኳ፣ ሙላቸው የተለያየ እንደ ሆነ በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ይለያያሉ።

ቲሴሊየስ በዚህ ሥራ አምስት ዓመት ደክሞ በ1930 የዶክቶርነት መጽሐፉን አቀረበ። መምህራኑ ሥራውን አመሰገኑ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ግሬታ ዳሌን የተባለችውን ሴት አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁሉ ነገር የተሳካለት ይመስል ነበር። እርሱ ግን በልቡ አልረካም ነበር። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ እንንገር። በአልትራሴንትሪፉጅ ሲመዘኑ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ፕሮቲኖች በኤሌክትሪኩ ሲጓዙ ድንበራቸው ይደበዝዝ ነበር። ይህ ደብዛዛነት ፕሮቲኑ በእውነት የብዙ ነገሮች ድብልቅ በመሆኑ የመጣ ነውን? ወይስ የመሣሪያው ጉድለት ነው? በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ዲፕሎማውን ይዞ ዝም ይል ነበር ብለን እናስባለን፤ እኛ ራሳችን በፈተና ያልገባንን ነገር አድበስብሰን አልፈን እናውቃለንና።

ከዚህ በኋላ እስከ 1935 ድረስ ሥራው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ዜኦላይት የሚባሉ ውኃን በሆዳቸው የሚይዙ ማዕድናትን ይመረምር ጀመር። ይህን ሥራ እንደ ጠፋ ጊዜ የሚቆጥሩት አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። በእነዚያ ድንጋዮች ውስጥ ውኃ እንዴት ሰርጎ እንደሚሄድ ለማወቅ ብርሃንን ይጠቀም ስለ ነበር፣ የማይታየውን እንቅስቃሴ በብርሃን መከታተልን የተለማመደበት ጊዜ ነው። በሮክፌለር ፋውንዴሽን እርዳታም ለአንድ ዓመት ወደ አሜሪካ ሄዶ በፕሪንስተን በሂዩ ቴይለር ላቦራቶሪ ሠራ።

በፕሪንስተን ከተማ በዚያ ዘመን የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም የእንስሳትና የዕፅዋት በሽታ ክፍል ነበረው። በዚህ ክፍል ዌንዴል ስታንሊ የሚባል ወጣት ኬሚስት የታመመ የትንባሆ ቅጠል በብዙ ኩንታል እየፈጨና እያጣራ፣ በ1935 የትንባሆውን ቫይረስ እንደ መርፌ በቀጠኑ ክሪስታሎች መልክ ከጭማቂው ለየው። ይህ ዜና ዓለምን ያስደነቀ ነበር። ጨው ወይም ስኳር በክሪስታል መልክ ቢገኝ ማን ይደነቃል? ነገር ግን በሕያው ተክል ውስጥ እየተባዛ በሽታ የሚያመጣ ነገር እንደ ጨው በጠርሙስ ሲቀመጥ፣ ከዚያም ተመልሶ ሲሟሟና ቅጠሉን ሲያሳምም ማየት ሕይወት ያለውና ሕይወት የሌለው የሚለያዩበትን ወሰን የሚያናጋ ሆነ። ስታንሊ መጀመሪያ ነገሩ ፕሮቲን ብቻ ነው ብሎ ነበር። በ1936 ግን ባውደንና ፒሪ የተባሉ እንግሊዛውያን በውስጡ ጥቂት ኑክሊክ አሲድ እንዳለ አሳዩ። ዛሬ እንደሚታወቀው ከመቶው ዘጠና አምስት እጁ ፕሮቲን፣ አምስት እጁ ኑክሊክ አሲድ ነው፤ የበሽታውም መልእክት የተጻፈው በዚህ በትንሹ ክፍል ላይ ነው።

ቲሴሊየስ በአሜሪካ ሳለ ከፕሮቲን ሊቃውንት ጋር ሲነጋገር አንድ ነገር ተረዳ። እነዚህ ሰዎች የደምን፣ የመድኃኒትንና የቫይረስን ነገር ሲመረምሩ በእጃቸው ያለው ንጥረ ነገር አንድ ይሁን ብዙ፣ ንጹሕ ይሁን ድብልቅ በእርግጥ የሚያውቁበት መንገድ አጥተው ነበር። በሙቀት ቢፈትኑት ይበላሻል፤ በጠንካራ አሲድ ቢፈትኑት ይሞታል። በኡፕሳላ መደርደሪያ ላይ ትቶት የሄደው፣ እርሱ ራሱ ጎዶሎ ነው ያለው ዘዴ ግን ፕሮቲኑን ሳያበላሽ ሊፈትን የሚችል ነበር። ስለዚህ ወደ አገሩ ሲመለስ የቀድሞውን ሥራውን እንደ ገና ከመሠረቱ ጀመረው።

መሣሪያውን ያበላሸው የነበረ ጠላት ሙቀት ነው። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ፈሳሹን ያሞቀዋል። በመስተዋቱ ቱቦ ግድግዳ አጠገብ ያለው ይቀዘቅዛል፤ መካከለኛው ይሞቃል፤ የሞቀውም ስለሚቀል ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ፈሳሹ እንደሚፈላ ማሰሮ በቀስታ ይዞራል። በብዙ ድካም የተዘረጋው የፕሮቲን ድንበርም ይደፈርሳል። ቲሴሊየስ ለዚህ ሁለት መድኃኒት አገኘ። አንደኛው ክቡን ቱቦ ትቶ ጎኑ ጠፍጣፋና ጠባብ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ማሠራት ነው፤ በዚህ ዓይነት ሙቀቱ ቶሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለተኛው፣ እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን፣ ፈሳሹን እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማቀዝቀዝ ነው። ውኃ ከሁሉ ይበልጥ ጥቅጥቅ የሚለው በዚህ ዲግሪ ስለ ሆነ፣ በዚህ አካባቢ ጥቂት ቢሞቅ ወይም ጥቂት ቢቀዘቅዝ ክብደቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ክብደቱ ካልተለወጠ አይነሣም፤ ካልተነሣም አያደፈርስም። ይህን የውኃ ጠባይ እኛም በመማሪያ መጽሐፋችን አንብበነዋል፤ ከሐይቅ ዓሣ በቀር ለማን እንደሚጠቅም ግን አላሰብንበትም ነበር።

ቱቦው በፈረንጅ ፊደል በዩ ቅርጽ የተሠራ ሆኖ፣ እርስ በርሳቸው በሚንሸራተቱ የመስተዋት ክፍሎች የተገጣጠመ ነበር። ክፍሎቹን በማንሸራተት ፕሮቲኖቹ ከተለያዩ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ፈሳሹንም በሰዓት ሞተር ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እንዲገፋ ስላደረገው፣ የሚጓዘው ድንበር ከመመልከቻው መስኮት ሳይወጣ ለብዙ ጊዜ እንዲቆይ ሆነ። ቀለም የሌለውን ድንበር ለማየት የተጠቀመበት ዘዴ ደግሞ፣ በፀሐይ በጋለ አስፋልት ላይ አየሩ ሲርገበገብ የምናይበት ምክንያት ነው። ጥቅጥቅነቱ የተለያየ ነገር ብርሃንን ያጎብጣል፤ ይህንንም ጉብጠት በሌንስ እየተከታተለ በፎቶግራፍ አነሣው። መሣሪያው ሁሉ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ያህል ነበር፤ ማለት ከአንድ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ የማይተናነስ ነው።

ይህን መሣሪያ የሚገልጸውን ጽሑፍ መጀመሪያ ወደ አንድ የባዮኬሚስትሪ መጽሔት ቢልከው፣ አዘጋጆቹ ፊዚክስ በዝቶበታል ብለው መለሱለት። ስለዚህ በ1937 በእንግሊዝ የፋራዴይ ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። የተመለሰው ጽሑፍ ኋላ በሙያው ከሁሉ ይበልጥ ከተነበቡት አንዱ መሆኑን ስናስብ ፈገግ እንላለን፤ የእኛም ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከመጽሔቱ ኮሚቴ ተመልሶ ነበርና።

የመጀመሪያው ታላቅ ውጤት ከፈረስ ደም የተገኘ ነው። ደሙ ረግቶ ቀዩ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ቢጫ ውኃ፣ ሴረም የሚባለውን፣ በመሣሪያው ሲፈትነው ፕሮቲኑ በአራት ድንበር ተለያየ። አንደኛው አልቡሚን ነው፤ ቀድሞ እንደ አንድ ነገር ይቆጠር የነበረው ግሎቡሊን ግን ሦስት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በግሪክ ፊደል ተራ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ብሎ ሰየማቸው። ስማቸው እስከ ዛሬ በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ይጠራል። ከዚህም በኋላ ኤልቪን ካባት ከተባለ ወጣት አሜሪካዊ ጋር ሆኖ፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው አንቲቦዲዎች በጋማው ክፍል እንደሚገኙ አሳየ። በሙከራው ጥንቸሎችን ከባዕድ ፕሮቲን ጋር አለማመዱ፤ ከሴረማቸውም አንቲቦዲውን ለይተው ሲያወጡ የጋማው ክፍል ብቻ አነሰ። ሥራው በ1939 ታተመ። ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ የፖሊዮ ክትባት ገና ሳይገኝ፣ በ1951ና በ1952 በአሜሪካ ልጆችን ከፖሊዮ ለመጠበቅ ይወጋ የነበረው ይኸው ጋማ ግሎቡሊን ነው። የመከላከሉ ኃይል ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢሆንም ለጊዜው ሌላ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ቫይረሱ እንመለስ። የስታንሊ የትንባሆ ቫይረስ ወደ ኡፕሳላ ተልኮ ነበር። በ1936 ስቬድቤሪና ኤሪክሶን-ክቨንሴል የተባለችው የምርምር ጓደኛው በአልትራሴንትሪፉጅና በኤሌክትሪክ ፈትነውት ውጤቱን አሳተሙ። በኤሌክትሪኩ የተገኘው ነገር በጣም የሚያስገርም ነው። ፈሳሹ ኮምጣጣነቱ እየጨመረ ሲሄድ የቫይረሱ ጉዞ እየዘገየ ይሄዳል፤ ፒኤች በሚባለው የአሲድ መለኪያ ወደ 3.5 ሲደርስ፣ ይኸውም ለብርቱካን ጭማቂ የቀረበ ኮምጣጣነት ላይ፣ ቫይረሱ ጨርሶ ይቆማል። ከዚያ አልፎ ሲኮመጥጥ ወደ ኋላው ዞሮ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዳል። በቆመበት ስፍራ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሙል እኩል ሆነዋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ፕሮቲንና እያንዳንዱ ቫይረስ የሚቆምበት የራሱ ነጥብ ስላለው፣ ይህ ነጥብ እንደ ስም ሆኖ ያገለግላል።

ከዚህም በላይ፣ በኤሌክትሪኩ ተጉዞ የተገኘው ቫይረስ ተመልሶ በቅጠል ላይ ቢቀባ ቅጠሉን ያሳምማል፤ በጉዞው አልሞተምና። በመሣሪያው ውስጥ የታየው ድንበርና በሽታ የሚያመጣው ነገር አብረው የሚሄዱ እንደ ሆነ፣ ያ ድንበር ራሱ ቫይረሱ መሆኑ ይመሰከራል። አብረው ካልሄዱ ግን በእጅህ ያለው ነገር ሌላ ነው። የአንዱ ቫይረስ ልዩ ልዩ ዝርያዎችም በፕሮቲናቸው ላይ ያለው ጥቂት ልዩነት ሙላቸውን ስለሚለውጠው በጉዞ ፍጥነታቸው ሊታወቁ ይችላሉ።

ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ሙልን ብቻ አይደለም፤ ቅርጽንም ያሳያል። በ1939 በስታንሊ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማክስ ላውፈር የትንባሆው ቫይረስ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲገባ በብርሃን ላይ የሚያደርገውን ለውጥ መረመረ። የዚህ ቫይረስ ቅርጽ እንደ በትር ነው፤ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር ሲሆን፣ ከሦስት ሺሕ የሚበልጡት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ይሆናሉ። በትሮቹ በፈሳሹ ውስጥ ወንዝ እንዳመጣው ግንድ በያቅጣጫው ተዘበራርቀው ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ግን እንደ ተሰለፈ ወታደር ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በዚህ ጊዜ በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ይለወጣል። በ1950 ኦኮንስኪና ዚም የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ዘዴ አሻሽለው፣ ኤሌክትሪኩን ለቅጽበት ለቀው በድንገት ማቋረጥ ጀመሩ። ሰልፉ በተፈታ ጊዜ አጭር በትር ቶሎ ይዘበራረቃል፤ ረጅሙ ይዘገያል። የትንባሆው ቫይረስ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ይበተናል፤ ከዚህች ጊዜም ርዝመቱን ማስላት ይቻላል። ይህ ሥራ የቲሴሊየስ የራሱ አይደለም፤ ነገር ግን ቫይረስን ሳይገድሉ በኤሌክትሪክ መጠየቅ የሚለው አሳብ አንድ ስለ ሆነ መተው አልፈለግንም።

ቲሴሊየስ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስዊድን ገለልተኛ ሆና በተቀመጠችበት ወቅት፣ ስቬን ጋርድ ከሚባለው ሐኪም ጋር የፖሊዮን ቫይረስ ለማጣራት ደከመ። ስዊድን በዚህ የልጆች ሽባነት በሽታ ብርቱ ጉዳት የደረሰባት አገር ነበረችና ነገሩ ከቤታቸው ደጃፍ የነበረ ጭንቀት ነው። በ1942 ባሳተሙት ጽሑፍ ካጣሩት ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች እንዳዩ ገለጹ። ዛሬ እንደምናውቀው ግን የፖሊዮ ቫይረስ ክር አይደለም፤ ድቡልቡል ሆኖ ስፋቱ 30 ናኖሜትር ያህል ነው። በ1955 ሌሎች ሊቃውንት በክሪስታል መልክ ሊያገኙት ችለዋል። የሰውን ታላቅነት ስንጽፍ ስሕተቱን መደበቅ ተገቢ መስሎ ስላልታየን ይህንንም ጨመርነው። ድብልቅን በመለየት በዓለም የታወቀው ሰው እንኳ በቫይረሱ ስፍራ ሌላ ነገር ሊያይ ይችላል።

በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1938 በባዮኬሚስትሪ ለእርሱ የተለየ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቋመለት። በ1948 በኤሌክትሮፎረሲስና አድሶርፕሽን በሚባለው ሌላ የመለያ ዘዴ ላይ ስላደረገው ምርምር፣ ይልቁንም የሴረም ፕሮቲኖች ብዙ ዓይነት መሆናቸውን ስላሳየ፣ የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ብቻውን ተቀበለ። ከ1951 እስከ 1955 የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ፕሬዚዳንት፣ ከ1960 እስከ 1964 ደግሞ የኖቤል ፋውንዴሽን ሊቀ መንበር ሆነ። በ1969 ሳይንስ ለሰው ልጅ የሚያመጣው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳትም እንዲመረመር፣ ከልዩ ልዩ ሙያ የመጡ ሊቃውንት የሚወያዩበትን ጉባኤ ከአዘጋጁት አንዱ ነበር።

ስድስት ሜትር የነበረው መሣሪያ ዛሬ በሙዝየም ካልሆነ አይገኝም። ከሞተበት ዘመን አስቀድሞ እንኳ ቦታውን ለሌሎች እየለቀቀ ነበር። በ1949 ላይነስ ፖሊንግና ጓደኞቹ በዚህ ዓይነት መሣሪያ የማጭድ ቅርጽ የሚያወጣው የደም በሽታ ከሄሞግሎቢን ሙል ልዩነት እንደሚመጣ አሳዩ። በ1955 ደግሞ በቶሮንቶ ይሠራ የነበረው ኦሊቨር ስሚዝስ እናቱ የአባቱን ሸሚዝ በአሚዶ ስታደርቅ ያየውን አስታውሶ፣ ከድንች አሚዶ እንደ ሙቅ የረጋ ነገር ሠርቶ ፕሮቲኖቹን በዚያ ውስጥ አስኬዳቸው። የሙቀቱ ንውጽውጽታ በረጋው ነገር ስለሚታገድ ያ ሁሉ የማቀዝቀዝ ብልሃት አላስፈለገም፤ መሣሪያውም በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆነ። የቲሴሊየስ ደቀ መዝሙር ስቴላን ዬርቴን በበኩሉ በ1967 ቱቦውን በቀስታ እያሽከረከረ ፈሳሹ እንዳይደፈርስ የሚያደርግበትን ዘዴ አቀረበ። ዛሬ የቫይረስን ፕሮቲንና ኑክሊክ አሲድ በየላቦራቶሪው የሚለዩት ከእነዚህ በተወለዱት ዘዴዎች ነው።

ቲሴሊየስ ኦክቶበር 29 ቀን 1971 በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ያ ዓመት ለዚህ ታሪክ ሰዎች የመለያየት ዓመት ነበር። መምህሩ ስቬድቤሪ በፌብሩዋሪ፣ የትንባሆውን ቫይረስ ክሪስታል ያገኘው ስታንሊ በጁን፣ እርሱም በኦክቶበር፣ ሦስቱም በአንድ ዓመት አለፉ።

ያች የማጣሪያ ወረቀታችን ደርቃ በሳይንስ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። በበዓሉ ዕለት ለሚመጡ ወላጆች እናሳያታለን፤ ሐምራዊው ምልክት ከመነሻው ሁለት ጣት ያህል ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ተጉዞ ቆሟል።